ማስታወስ ብቻውን አይበቃም፦ ማዘርቦርድ ቅንብሩን የሚይዝበትና የሚተውበት መንገድ

ኮምፒውተር ሲበራ፣ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት ሥራ የሚጀምረው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። ይህ ፈርምዌር ገና ከጅምሩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ከየትኛው ዲስክ መነሳት እንዳለበት፣ ራሙ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ፣ የማቀዝቀዣው ፋን መቼ እንደሚፈጥን፣ ፓስወርድ መጠየቅ ይኑርበት አይኑርበት። ይህን ሁሉ በየዕለቱ የሚነግረው ሰው ስለሌለ አንዴ የተነገረውን ይዞ መቆየት አለበት። በዚህ ምክንያት በተለምዶ ባዮስ ስለሚባለው ስለዚህ ፈርምዌር ቅንብር ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የት ይቀመጣል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሹን ይተዋል። ማሽኑ እንዳይነሳ ያደረገው የተቀመጠው ቅንብር ራሱ ከሆነስ? ከአቅሙ በላይ እንዲፈጥን የታዘዘ ራም ስክሪኑን ጥቁር አድርጎ ቢያስቀረው፣ ስህተቱን ለማረም ወደ ቅንብር ገጹ መግባት አይቻልም፤ ገጹን ማሳየት ያለበት ያው መነሳት ያቃተው ማሽን ነውና። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል፦ ማዘርቦርድ የያዘውን ቅንብር አጽንቶ መጠበቅ የሚገባውን ያህል፣ የያዘውን መጠራጠርና ባለቤቱ ሲፈልግ መተውም መቻል አለበት። ላለፉት 40 ዓመታት የማስታወሻው ዓይነት ደጋግሞ ተለውጧል፤ ይህ ግዴታ ግን አልተለወጠም።

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፒሲ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቅንብሩን የሚይዝበት ቺፕ አልነበረውም። ማዘርቦርዱ ላይ እያንዳንዳቸው 8 ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ ያሏቸው ሁለት ረድፎች ነበሩ። ምን ያህል ራም እንደተገጠመ፣ ስንት የፍሎፒ ማንበቢያ እንዳለ፣ ስክሪኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማሽኑ የሚነገረው እነዚህን በእስክሪብቶ ጫፍ ወዲያና ወዲህ በመግፋት ነበር። ዛሬ ኋላ ቀር ቢመስልም ይህ አሠራር ሁለት ትልልቅ ጥቅሞች ነበሩት። መብራት ቢጠፋ ቅንብሩ አይጠፋም፤ ቅንብሩ ስህተት ቢሆንም ክዳኑን ከፍቶ መመለስ ይቻላል፣ የማሽኑ መነሳት አያስፈልግም። ችግሩ አማራጮች ሲበዙ ነው። አዲስ ነገር በተገጠመ ቁጥር ክዳን መክፈትና መመሪያ ማገላበጥ ግድ ይሆናል፤ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚይዘው ደግሞ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ስለሆነ፣ ሃርድ ዲስክና ሰዓት የተጨመሩበትን ማሽን በዚህ መንገድ ማዋቀር አዳጋች ነው።

በ1984 የወጣው ፒሲ ኤቲ መልሱን ከሞቶሮላ ወሰደ። ኤምሲ146818 የተባለው ቺፕ በዋነኛነት ሰዓትና ቀን ቆጣሪ ነበር፤ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል ይነዳዋል። ይህ ቁጥር 2 ለራሱ 15 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ ደጋግሞ ለሁለት በመክፈል ብቻ ልክ አንድ ሴኮንድ ላይ ይደረሳል። ቺፑ በውስጡ 64 ባይት ማስታወሻ ነበረው፤ 14ቱን ሰዓቱና መቆጣጠሪያዎቹ ሲይዙ 50ው ለሌላ ሥራ ነፃ ነበሩ። አይቢኤም ቅንብሩን ያስቀመጠው በእነዚህ 50 ባይቶች ነው። የተሠራበት ሲሞስ የተባለው ቴክኖሎጂ ሥራ ከያዘ በስተቀር እዚህ ግባ የሚባል ኤሌክትሪክ ስለማይበላ፣ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ትንሽ ባትሪ ለዓመታት ሊያቆየው ይችላል። 50 ባይት የበቃው ደግሞ በቁጠባ ነው፤ የሃርድ ዲስኩ ዝርዝር ሁሉ አይጻፍም ነበር፤ ዝርዝሮቹ በፈርምዌሩ ውስጥ በሰንጠረዥ ተቀምጠው በቴክኖሎጂው ስም ሲሞስ የተባለው ማስታወሻ የሚይዘው የረድፉን ቁጥር ብቻ ነበር። ያኔ ቅንብሩን የሚለውጠው ፕሮግራም እንኳ ፈርምዌሩ ውስጥ አልነበረም፤ ከማሽኑ ጋር ከሚመጣው የምርመራ ፍሎፒ ነበር የሚነሳው።

ከቺፑ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን አይቢኤም በቺፑ ላይ እምነት አለማሳደሩ ነው። በባትሪ የሚኖር ማስታወሻ ባትሪው ሲደክም ባዶ አይሆንም፤ ትርጉም በሌላቸው ቁጥሮች ይሞላል፣ ቁጥሮቹም ከትክክለኛ ቅንብር አይለዩም። ይህን ለመከላከል ሁለት ጠባቂዎች ቆሙ። አንዱ ቺፑ ውስጥ ያለ አንዲት ቢት ናት፤ ኃይሉ ተቋርጦ ከነበረ «ይህን ማስታወሻ አትመኑ» የሚል ምልክት ትሰጣለች። ሁለተኛው ድምር ነው፤ ፈርምዌሩ የቅንብር ባይቶቹን ደምሮ ውጤቱን እዚያው ሲሞስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው መነሳት እንደገና ደምሮ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ ቅንብሩን ትቶ ስህተት መኖሩን ያሳውቃል። እስከ ዛሬ በአሮጌ ማሽኖች ስክሪን ላይ የሚመጣው የሲሞስ ቼክሰም ስህተት መልእክት የዚህ ድምር ቅሬታ ነው። ማስታወሻን ከማመን በፊት መመርመር የመጀመሪያው የጤናማ ንድፍ ምልክት ነበር።

ባትሪውም የራሱ ሒሳብ አለው። ዛሬ በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ላይ የምናየው ሲአር2032 የተባለው ክብ የሊቲየም ባትሪ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረትና 3 ቮልት ኃይል አለው፤ የሚይዘውም ወደ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ሰዓቱና ማስታወሻው 5 ማይክሮአምፔር ይስባሉ ብንል 44,000 ሰዓት፣ ማለትም 5 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ይህ ግን ባትሪው ብቻውን ሲሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ከሶኬት ካልተነቀለ ፓወር ሰፕላዩ ሁልጊዜ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ስለሚለቅ ባትሪው ያርፋል። ስለዚህ ያለማቋረጥ ሶኬት ላይ ያለ የቢሮ ኮምፒውተርና ክረምቱን ሙሉ ተነቅሎ የሚከርም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር፣ በአንድ ቀን ቢገዙም ባትሪያቸው በአንድ ቀን አያልቅም። ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር ችግሩ ቀን በማስተካከል አያበቃም፤ የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጸናው በተወሰኑ ቀናት መካከል በመሆኑ፣ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደህናውን ድረ ገጽ አደገኛ ነው ብሎ ይዘጋል። ኢንተርኔት የተበላሸ የሚመስለው በአንዲት ባትሪ ምክንያት ይሆናል።

መተው መቻል ራሱን የቻለ የንድፍ ሥራ መሆኑን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ዳላስ ሴሚኮንዳክተር የሠራው ዲኤስ1287 ነው። ኩባንያው ሰዓቱን፣ ማስታወሻውን፣ ክሪስታሉንና ባትሪውን በአንድ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አሸጋቸው፤ ከ10 ዓመት በላይ እንደሚያገለግልም ገለጸ። ለማዘርቦርድ ሠሪዎች ምቹ ነበር፤ ለባለቤቱ ግን ሁለት በሮች ተዘጉ። ባትሪው ሲያልቅ ሙሉ ቺፑን መቀየር ግድ ሆነ፤ ቺፑ በቀጥታ የተበየደበት ማዘርቦርድ ከሆነም ሥራው ከባድ ነው። ቅንብሩ ሲበላሽ ወይም ፓስወርዱ ሲረሳ ደግሞ የሚነቀል ባትሪ የለም። ዲኤስ1287ኤ የተባለው ሌላው ዓይነት ማስታወሻውን ለማጽዳት ብቻ የሚያገለግል አንድ እግር ተሰጠው። ማስታወሱን ፍጹም ያደረገ ቺፕ ለመተው የሚሆን መንገድ በተለይ እንዲበጅለት አስፈልጎታል ማለት ነው።

ወደ ዘመናዊ ማዘርቦርዶች ስንመጣ ከባትሪው አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ እግሮች ያሉት ጃምፐር እናገኛለን። እግሮቹን ማገናኘት ሲሞሱን ያጠፋዋል ተብሎ በሰፊው ይታመናል። የኢንቴል ቺፕሴት ሰነዶች የሚገልጹት አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። ጃምፐሩ የሰዓቱን ክፍል የሪሴት መስመር ከመሬት ጋር ያገናኛል፤ ያን ጊዜ አንዲት ቢት «የሰዓቱ ኃይል ተቋርጦ ነበር» ወደሚል ምልክት ትለወጣለች። ባይቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ማሽኑ ሲነሳ ፈርምዌሩ ቢቷን አንብቦ ማስታወሻውን ራሱ ያጸዳና ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ነባሪ ቅንብር ይጽፋል። ይኸው ሰነድ የባትሪውን ኃይል በጃምፐር በማቋረጥ ሲሞስ ማጽዳትን በግልጽ ይከለክላል። ልዩነቱ ጥቃቅን ቢመስልም የዚህ ምዕራፍ እምብርት ነው። ቅንብርን መመለስ ማስታወሻን በጉልበት መደምሰስ አይደለም፤ ባለቤቱ ለፈርምዌሩ «የያዝከውን አትመን» የሚል መልእክት የሚልክበት፣ ፈርምዌሩም መልእክቱን አክብሮ የሚወስንበት ሥርዓት ነው። ፈርምዌሩ እንዲሰማ ሆኖ ካልተጻፈ ጃምፐሩ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ከባዮስ በኋላ የመጣው ዩኢኤፍአይ ይህን ሥርዓት የበለጠ ፈተነው። ኢንቴል በ1990ዎቹ የጀመረው ሥራ በ2005 ዩኢኤፍአይ ፎረም ለተባለ የጋራ ድርጅት ሲሰጥ፣ ቅንብር ከ50 ባይት እስር ቤት ወጥቶ ስም ባላቸው ቫሪያብሎች መቀመጥ ጀመረ። ቫሪያብሎቹ የሚኖሩት ፈርምዌሩ ራሱ በሚቀመጥበት የፍላሽ ቺፕ ላይ በተከለለ ቦታ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ያለ ባትሪ ያስታውሳል። ሆኖም የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ቢት ከ1 ወደ 0 በቀላሉ ይለወጣል፤ ከ0 ወደ 1 ለመመለስ ግን ብዙ ጊዜ 4 ኪሎባይት የሚሆን ክፍል በአንድ ላይ መጥፋት አለበት፣ ያም ክፍል የሚችለው በአምራቾች ግምት ወደ 100,000 ጊዜ መጥፋት ነው። ስለዚህ ፈርምዌሩ አንድን ቅንብር በቦታው ፍቆ አይለውጥም። እንደ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ አዲሱን ከታች ይጽፋል፣ አሮጌው ላይ መስመር ያሰምርበታል፤ ገጹ ሲሞላ የሚጸናውን ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ይገለብጣል። ብዙ አምራቾች መነሻ በሚያደርጉት ኢዲኬ2 በተባለው ክፍት ኮድ ውስጥ የመስመሩ አሰማመር በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። መጀመሪያ አሮጌው ቫሪያብል «ሊሻር ነው» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ አዲሱ ይጻፋል፤ ሙሉ በሙሉ ከተጻፈ በኋላ ብቻ አሮጌው «ተሽሯል» ይባላል። መብራት በመካከል ቢጠፋ አዲሱ ጎዶሎ መሆኑ ስለሚታወቅ አሮጌው ይጸናል። እያንዳንዱ ምልክት የሚደረገው ቢትን ከ1 ወደ 0 በመለወጥ ስለሆነ ምንም ማጥፋት አያስፈልገውም።

ታዲያ ቅንብሩ ያለ ባትሪ የሚኖር ከሆነ፣ በዛሬ ማሽን ላይ ባትሪ መንቀል ለምን አንዳንዴ ይሠራል? መልሱ ከጃምፐሩ ጋር አንድ ነው። ባትሪው ሲነቀል የሰዓቱ ክፍል ኃይል ያጣል፣ ያችው ቢት ትለወጣለች፣ ብዙ ፈርምዌሮችም ይህን እንደ ባለቤቱ ጥያቄ ቆጥረው ፍላሹ ላይ ያለውን ቅንብር ትተው ነባሪውን ይወስዳሉ። ፍላሹ በባትሪው መነቀል ምንም አልሆነም። ቢቷን ችላ እንዲል የተጻፈ ፈርምዌር ባትሪው ለሳምንት ቢነቀል ቅንብሩን እንደያዘ ይነሳል። አንዱ ላይ የሠራው ሌላው ላይ የሚከሽፈው ለዚህ ነው፤ ምስጢሩ ያለው ባትሪው ውስጥ ሳይሆን አምራቹ በጻፈው ውሳኔ ውስጥ ነው።

ማስታወስ ሲጠነክር መተው ካልጠነከረ ምን እንደሚከተል ሁለት የታወቁ ክስተቶች ያሳያሉ። በ2013 አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ሲነሳ ማሽኑ ዳግም እንዳይበራ ሆኖ መቅረቱ ታወቀ። መጀመሪያ ጥፋቱ የአንድ የሊኑክስ ድራይቨር መስሎ ነበር፤ የሊኑክስ ፈርምዌር ባለሙያው ማቲው ጋሬት ግን ከዊንዶውስም ሆኖ ብዙ ቫሪያብል በመጻፍ ያንኑ ብልሽት ማምጣት እንደሚቻል አሳየ። የቫሪያብሉ ቦታ ከመጠን በላይ ሲሞላ ፈርምዌሩ መነሳት ያቅተው ነበር፤ የሊኑክስ ከርነልም ቦታው ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ጥበቃ ጨመረ። በ2016 ደግሞ ፋይሎችን ሁሉ የሚያጠፋ ትእዛዝ ቫሪያብሎቹንም አብሮ በማጥፋቱ አንዳንድ ላፕቶፖች መነሳት እንዳቃታቸው ታየ፤ ከርነሉ ከስሪት 4.5 ጀምሮ አብዛኞቹ ቫሪያብሎች በቀላሉ እንዳይሰረዙ አደረገ። ሁለቱም ጊዜ መፍትሔው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በኩል መጣ፤ ጉድለቱ ግን በፈርምዌሩ ነበር። ቅንብሩ ሲሞላበት ወይም ሲጠፋበት «ነባሪውን ልውሰድ» ማለት ያልቻለ ማሽን፣ የ1984ቱ ኤቲ በ50 ባይት ይዞት የነበረውን ጥንቃቄ አጥቷል።

እዚህ ላይ የመመለስን ወሰንም መለየት ያስፈልጋል። ነባሪው ቅንብር የሚቀመጠው ከፈርምዌሩ ኮድ ጋር ስለሆነ መመለስ የሚቻለው ኮዱ ደህና ሲሆን ብቻ ነው። በ1998 የተሰራጨውና ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ብዙ ማሽኖችን የጎዳው ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ የጻፈው በባዮስ ፍላሽ ላይ ነበር። ኮዱ የተበላሸበትን ማሽን ባትሪ መንቀልም ሆነ ጃምፐር ማገናኘት አያድነውም፤ የሚያነበው የለምና። ሁለተኛ ባዮስ የያዙ ወይም ያለ ፕሮሰሰር እርዳታ ከፍላሽ ዲስክ ፈርምዌር መጫን የሚችሉ ማዘርቦርዶች የሚሸፍኑት ይህን ሌላውን ክፍተት ነው።

በዚህ ክርክር ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ክብደት ያለው የደኅንነቱ ነው። ክዳን የከፈተ ሁሉ ቅንብሩን መመለስ ከቻለ ፓስወርዱ ምን ፋይዳ አለው? ላፕቶፕ የሰረቀ ሌባስ በአንዲት ባትሪ ነፃ መውጣት አለበት? ለዚህ ሥጋት መልስ ለመስጠት ብዙ ላፕቶፖች ፓስወርዱን ከባትሪው ጋር በማይጠፋ ቦታ ያኖሩታል፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ መመሪያ የሱፐርቫይዘር ፓስወርዱ ከጠፋ ማዘርቦርዱን ከመቀየር ሌላ መንገድ እንደሌለ ይናገራል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይቆልፋል። ማሽኑን የሚያስነሳ ቅንብር አንድ ነገር ነው፤ ምስጢርን የሚጠብቅ ቁልፍ ሌላ ነው። ዲስኩ በደንብ ከተመሰጠረ ሌባው ባዮሱን ቢመልስም ፋይሎቹን አያነብም፤ ካልተመሰጠረ ደግሞ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ስለሚሰካ የባዮሱ ፓስወርድ አይመክተውም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ አስመጥቶ የተረሳ ፓስወርድ ያጋጠመው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ግን ሙሉ ማዘርቦርድ ነው። ማሽን እንዳይሰረቅ የሚፈልግ ድርጅት ጠንካራውን መቆለፊያ አውቆ ይምረጠው፤ ሁሉም ገዢ ሳይጠየቅ የሚሸከመው መሆን ግን የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ መመለስ ራሱ ጉዳት ያመጣል የሚል ነው። እውነት አለው። ዲስኩ በሬይድ አሠራር ተጭኖ ሳለ ቅንብሩ ኤኤችሲአይ ወደተባለው ሌላ የዲስክ አሠራር ቢመለስ ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል፤ ሴኪዩር ቡት የተባለው የመነሻ ጥበቃ ሁኔታ ሲለወጥ የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ የሆነው ቢትሎከር 48 አኃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ያልተያዘ ከሆነ መረጃው ይቀራል። ይህ ግን በጥንቃቄ ለመመለስ እንጂ ላለመመለስ ምክንያት አይሆንም። ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የቅንብር ገጾቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የቢትሎከር ቁልፉን ማረጋገጥ፣ ከዚያም እዚያው ገጽ ላይ ያለውን ወደ ነባሪ መመለሻ መጠቀም ይገባል። የማይነሳ ከሆነ ከሶኬት ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ የተረፈውን ኃይል አፍስሶ፣ በማዘርቦርዱ መመሪያ መሠረት ጃምፐሩን መጠቀም ነው። ባትሪ መንቀል ጃምፐር ለሌለበት ይቆየን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዘመናዊ ፈርምዌር ራሱን ስለሚያድን ጃምፐር አያስፈልግም ይላል። ብዙ ማዘርቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው መነሳት ሲያቅታቸው ወደ ነባሪው መመለሳቸው እውነት ነው፤ ትልቅ እድገትም ነው። ነገር ግን ማሽኑ የሚያውቀው አለመነሳቱን ብቻ ነው። ተነስቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቆም ራም፣ ምስሉን ወዳልተሰካ ስክሪን የሚልክ ቅንብር፣ ኪቦርዱ የተሰካበትን ዩኤስቢ የዘጋ ምርጫ፣ እነዚህ ሁሉ ለፈርምዌሩ የተሳካ መነሳት ናቸው። ስህተት መሆናቸውን የሚያውቀው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል በእሱ እጅ የሚደርስ መሆን አለበት።

ከማብሪያ ማጥፊያው እስከ ፍላሹ ድረስ የተጓዝነው መንገድ የሚያስተምረው ሊመዘን የሚችል መለኪያ ነው። ጥሩ ማዘርቦርድ ኮድን፣ ቅንብርንና ምስጢርን ለየብቻ ያኖራል፤ ቅንብሩን ከማመኑ በፊት ይመረምራል፤ ሲጠፋበት ወይም ሲበላሽበት ከነባሪው ይነሳል፤ ስክሪንና ኪቦርድ ሳያስፈልገው ባለቤቱ የሚያዝበት መንገድ ይተዋል፤ መንገዱንም በመመሪያው ላይ በግልጽ ይጽፋል። ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት በርከት ያሉ ኮምፒውተሮች የሚገዛ ሰው የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የራሙን መጠን እንደሚጠይቅ ሁሉ «ቅንብሩ ቢበላሽ በምን ይመለሳል? ፓስወርዱ ቢጠፋስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ «ማዘርቦርዱን ቀይሩ» ከሆነ ዋጋው ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ የ3 ቮልት ባትሪና የሁለት እግር ጃምፐር ሊያድኑት የሚችሉትን ማሽን መጣል ንድፍን ባለመጠየቅ የሚመጣ ኪሳራ ነውና።